ያገለገለ ድንጋይ

ሶማሌ ተራ ውስጥ አሮጌ የሚባል ዕቃ የለም፤ ያለው «ያገለገለ» ነው። ከተገጨ መኪና የወጣ ኮፈን ተቀጥቅጦ፣ ተቀብቶ ሌላ መኪና ላይ ይውላል። ካምቢዮው በነዳጅ ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ባሌስትራው፣ ፍሬቻው፣ ፓራውልቱ ሁሉም ሁለተኛ ትዳሩ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ላይ የደረሰም አይጠፋም። እንዲህ ባለ ሰፈር «አርጅቷል» ተብሎ ሲጣል ያየሁት ድንጋይ ብቻ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አዲስ ንጣፍ ሲያለብሰው፣ የግል ግቢዎችም ቅናት ያዛቸው። ከሱቃቸው ጀርባ አንዲት የሎሚ ዛፍ ያለባት ጠባብ ግቢ ያላቸው አንድ ሐጂም ኮብልስቶናቸውን አስነቀሉ። «ጊዜው አልፎበታል» አሉ። ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ጥቁር ድንጋይ ጊዜው ያለፈበት በእሳቸው ዘመን መሆኑ አይገርምም?

ኮብልስቶን በሚሌኒየሙ አካባቢ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ ሲስፋፋ፣ ወሬው ሁሉ «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠረባ» ነበር። ስለ ድንጋዩ ግን ያወራ አልነበረም። በመሮና በመዶሻ ተጠርቦ አሸዋ ላይ ይደረደራል፤ ሲሚንቶ አይጠይቅም። ዝናቡ በየመገጣጠሚያው ይሰርጋል። ከሥሩ ቧንቧ ቢፈነዳ ፍሬ ፍሬውን ለቅሞ፣ ቧንቧውን ጠግኖ፣ ያንኑ ድንጋይ መመለስ ነው። ባጭሩ የሚፈታና የሚገጠም ንጣፍ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሚፈታና የሚገጠም ነገር ሲሸጡ የኖሩ ሰው ይህ እንዴት እንደተሰወረባቸው እንጃ።

በቦታው የተተካው ፊት የሚያሳይ ግራናይት ነው፤ ከሥሩ አርማታ፣ በየመሀሉ ሲሚንቶ። የሎሚዋ ዛፍ እስከ አንገቷ ተለስናለች። ሐምሌ ገባ። ከሞተር የሚንጠባጠበው ዘይትና ዝናቡ ግራናይቱ ላይ ተገናኙ። የፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ከበር እስከ መጋዘኑ ያለ ፍሬን ተንሸራትቶ ገባ። (ደግነቱ አልተሰበረም፤ ዋጋ ግን አስቀንሷል።) በነጋታው ግቢው ከዳር እስከ ዳር ካርቶን ለበሰ። ላስቲኩ ያልተላጠ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንዳት በምንወድበት አገር፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ንጣፍ በካርቶን መሸፈን ማንንም አላስገረመም። አላፊ አግዳሚው የሚያየው እንግዲህ የዘይት ማጣሪያ ካርቶን ነው።

መስከረም ላይ ቧንቧው ፈነዳ። ግራናይት ደግሞ አይነቀልም፤ ይፈለጣል። አራቱ ተሰባበሩ። ሐጂ ምትክ ፍለጋ ስባሪውን በፌስታል ይዘው ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ዋሉ። ቀለሙ ሲገኝ ውፍረቱ፣ ውፍረቱ ሲገኝ ቀለሙ እምቢ አለ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ደላላ ስባሪውን ተቀብሎ ገለባበጠው፤ እሳቸው ራሳቸው የካምቢዮ ጥርስ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ እንደሚያደርጉት አንገቱን ነቀነቀ።

«ሐጂ፣ ይሄ ሞዴል መግባት አቁሟል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ያገለገለ ላፈላልግልዎት?»