ከሀና ማርያም አበዳሪዎች ለገንዘብ ሚኒስቴር

ለ፦ ገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሸክም በመሆናችን ይቅርታ ስለመጠየቅ

የጡረታ አበል ጭማሪ በተነሣ ቁጥር «ፈንዱ ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጭንቀት ሀና ማርያም ድረስ ይሰማል። ከቅዳሴ መልስ አጥር ሥር ፀሐይ የምንሞቅ ጡረተኞችም በአገር ላይ የጫንነውን እያሰብን እንሳቀቃለን። ቶሎ ባለመሞታችን በቅድሚያ ይቅርታ እንጠይቃለን። በበኩላችን ሥጋ ከተውን ቆይተናል፤ የደም ግፊቱንም መድኃኒት ቀን እየዘለልን መዋጥ ጀምረናል።

የስሌቱ ቸርነት አይካድም። 10 ዓመት ላገለገለ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፤ ጣሪያው 70። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ይበቃል። መውጫው 60 ነውና፣ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ልክ በመሰናበቻው ቀን ይደርስበታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዕድሜውን ያባከነ ግን የእጁን ያገኛል።

በ2017 ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ ደግሞ፣ ቀድመው የወጡት ስሌታቸው በድሮው ደመወዝ ላይ እንደተሠራ ቀረ። ጥፋቱ የራሳቸው ነው፤ ትንሽ ዘግየት ብለው መወለድ ነበረባቸው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባንም። ከሠራተኛው ደመወዝ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተባለ የሚጠራቀመው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖሯል። አበዳሪዎቻችሁ እኛ ነን ማለት ነው። ግሽበቱ 30 በመቶን ባለፈበት በ2014 እንኳ ወለዱ አጠገቡ አልደረሰም። በዚህ ዋጋ የሚያበድር ሰው ሀና ማርያም ቢገኝ፣ ዕድሩ ሽማግሌ ልኮ ጤንነቱን ያስጠይቅለት ነበር። ተበዳሪ አበዳሪውን «ከበድከኝ» ሲለው ግን በዕድሜያችን አልሰማንም፤ ዕድሜ ደግሞ አላነሰንም።

ስለዚህ የጭማሪው ወጪ ለሕዝብ ሲነገር፣ ከእኛ የተበደራችሁት ስንት እንደሆነ፣ ስንት ወለድ እንደከፈላችሁበትና ግሽበቱ ስንቱን እንደበላው በዚያው መግለጫ ላይ አብሮ እንዲነገር እናመለክታለን። ማን ማንን እንደተሸከመ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር
የሀና ማርያም ጡረተኞች

ግልባጭ
ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር
ለሀና ማርያም ጉሊት ነጋዴዎች፦ መልሱ እስኪመጣ ዱቤው እንዲራዘምልን