ውዳሴ ወጪ መጋራት

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተተከለው የወጪ መጋራት ሥርዐት፥ ተማሪው የበላበትንና ያደረበትን በሙሉ፥ የተማረበትንም ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን፥ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ከመቶ 10 እያስቈረጠ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲመልስ የሚያዝዝ ስለ ሆነ፥ ርቱዕነቱን የሚጠራጠር ቢገኝ የካፌውን ሽሮ ጠግቦ ውለታውን የካደ ከንቱ ሰው ብቻ ነው። ዐሥራት ማውጣትስ ከአበ ብዙኃን አብርሃም የተወረሰ አይደለምን? እርግጥ ነው፥ አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ዐሥራቱን የሰጠው ከዘመቻ ምርኮውን ይዞ ሲመለስ ነበር፤ ባዶ እጁን የተመለሰ ምን ይስጥ ብሎ የሚጠይቅ ግን ሥራ ፈት ነው።

የሥርዐቱ ጥበብ ፍጻሜ በመያዣው ላይ ይታያል። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም የባለዕዳን ወፍጮና መጅ በመያዣ መውሰድን ሲከለክል፥ የሚፈጨው ያጣ ሰው የሚከፍለውም እንደሚያጣ ዐውቆ ነበር፤ የዘመናችን ሊቃውንት ግን ከሙሴ ልቀው፥ እንጀራ የሚገኝበትን ዋናውን ዲግሪ ዕዳው እስኪከፈል በሬጅስትራር ሣጥን ቈልፈው፥ ተመራቂውን «ቴምፖ» በሚባል ጊዜያዊ ወረቀት «ሠርተህ ክፈል» ብለው በሰላም ያሰናብቱታል። እርሱም በፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ፥ እጥፋቱ ተበጥሶ በፕላስተር የተጣበቀውን ቴምፖ ሲያስባዛ፥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዞ እንዲቀርብ ያዝዘዋል።

«ኦርጅናሉስ፥ ልጄ?» ይላሉ ባለ ማሽኑ።
«ኮስት ሼሪንግ አልከፈልኩም፥ ጋሼ።»
«ክፈላ!»
«ሥራ ስይዝ።»

መምህር የሆነ ዕዳውን በአገልግሎት ስለሚያወራርድ፥ ጠመኔ መያዝ በሕግ የታወቀ ቀኖና ሆኖለታል። ደመወዝተኛው በየወሩ ይቈረጥበታል። በአራዳ ያለ ደረሰኝ የሚደልለው ምሩቅ ግን ገቢው በመዝገብ ስለማይታይ፥ ዐሥራቱም እንደ መላእክት ረቂቅ ነው። ከሁሉ የሚደነቀው ከፋይ አገር ጥሎ የሚሄደው ነው፤ የውጭው ትምህርት ቤት ዋናውን ማስረጃ ሲጠይቀው ዘመዶቹ ዕቁባቸውን አውጥተው በአንድ ቀን ነጻ ያወጡታል፤ ሳይከፍል ሾልኮ የወጣም ቢሆን፥ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ ለገበያ ተለቅቆ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለሚመነዘር፥ በዋሽንግተን ሳሕን ባጠበበት ገንዘብ ዕዳውን ያለ ብዙ ድካም ይዘጋል። በገጠር ጤና ጣቢያ የቀረው ጓደኛው ግን ባለዕዳ እንደ ተባለ ይኖራል።

ይህን የማይረዳ ወጣት ቢኖር፥ ቶሞካ ቆመው ማኪያቶ የሚጠጡት አዛውንት ስለ ግል ኃላፊነት ይገሥጹታል፤ እርሳቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ ተምረው፥ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው አገልግሎት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት አስተምረው፥ ዋናውን ዲግሪ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ስለ ተቀበሉ፥ የዕዳን ነገር ከማንም ይልቅ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አንድ ማሻሻያ ብቻ ቢፈቀድልኝ፥ ቴምፖውም አብሮ እንዲያዝ አሳስባለሁ፤ ያን ጊዜ ምሩቁ ሥራ በመፈለግ ሐሳቡ ሳይበተን፥ ሌሊትና ቀን ኃላፊነቱን ብቻ ሊያሰላስል ይችላል።