ጎንበስ፣ ቁጭ፣ ጎሽ፦ በግቢ ውሻ ትምህርት ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት

በአገራችን ለውሻ ማስተማሪያነት ከዋሉ ዘዴዎች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው፣ በስርጭትም አቻ ያልተገኘለት፣ ጎንበስ ማለት ነው። ድንጋይ ማንሳት አያስፈልግም። ድንጋይ በአካባቢው መኖሩም ግዴታ አይደለም። አንድ ሰው ጠጠር በሌለበት አስፋልት ላይ ቆሞ የጫማውን ክር ለማሰር ዝቅ ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ውሻ ጭራውን ሸጉጦ ሲፈተለክ ያላየ አንባቢ የለም። ውሻው ከሰውየው ጋር ትውውቅም ቂምም የለውም። የሚያውቀው፣ የሰው ወገብ ሲታጠፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ምርምሩ ሲሆን፣ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ ምራቃቸው መንጠባጠቡን ያስተዋለው በዚሁ ሥራ መካከል ነው። ሙዚቀኞች ምት የሚጠብቁበትን ሜትሮኖም እያስመታ፣ ወዲያው ምግብ እያስከተለ፣ ውሎ አድሮ ምቱ ብቻውን ምራቅ እንደሚያመጣ አሳየ። አዲስ አበባ ተወልዶ ቢሆን ሜትሮኖም መግዛት ባላስፈለገው፤ አንዴ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ይበቃው ነበር። ለውሾቹ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ይሠራበት ከነበረው ተቋም ግቢ ውስጥ ሐውልት ቆሟል። የእኛዎቹ ውሾች ለዚሁ ሳይንስ ላበረከቱት አስተዋጽኦ እስካሁን የደረሳቸው ያልተጠረበው ድንጋይ ነው።

የትምህርቱ ሌላኛው ገጽ፣ ማለትም ሽልማት፣ በአማርኛ ከተጻፈም ሆነ ከተነገረ ሕግ ሁሉ በአጭሩ ተቀምጧል፦ ውሻ በበላበት ይጮሃል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ድመቶችን ሣጥን ውስጥ እየዘጋ፣ መወርወሪያውን ከፍተው ሲወጡ እያበላ፣ በ1898 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍም ደስ የሚል ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደጋገም በሕግ መልክ ደነገገ። አያቶቻችን ያለ ሣጥንና ያለ ድመት ደርሰውበት ነበር። የሚያሳዝነው፣ ይህን የመሰለ ጥንቁቅ የምርምር ውጤት ሰውን ለመስደብ ማዋላችን ነው።

ግኝቱ እጃችን ላይ እያለ ሥራ ላይ ያልዋለበት ምክንያት በአጥኚው እምነት ሌላ አገር በቀል ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እሱም «ፊት አትስጠው» የሚለው ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ፊት እንደ ደመወዝ ያለ ውስን ሀብት ነው፤ ለአንዱ ከተሰጠ ከቤቱ ይጎድላል። ልጅ ፊት ከተሰጠው ይሞላቀቃል፣ ሠራተኛ ፊት ከተሰጠው ይንቃል፣ ውሻ ፊት ከተሰጠው ሳሎን ይገባል። ስለዚህ ለልጅ ቁንጥጫና አርጩሜ፣ ለከፋው ጥፋት የበርበሬ ጭስ፣ ለውሻ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ወገብ ማጠፍ ተመደበ። ፈረንጆችም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አልነበሩም። ጀርመናዊው የፖሊስ ሰው ኮንራድ ሞስት በ1910 ያሳተመው፣ ለረጅም ጊዜ የአሠልጣኞች መመሪያ የነበረው መጽሐፍ ማስገደድን ያስቀደመ ነበር። ሞስት አያቴን ቢያገኛት ብዙ የሚያወሩት ይኖራቸው ነበር።

መንገዱን ያስቀየረው፣ ነገሩን ካሰቡት፣ ዶልፊን ነው። ዶልፊን በአርጩሜ አይገረፍም፤ ቢከፋው ጠልቆ ይሄዳል፤ አንገቱ ላይ ሰንሰለት አይታሰርም፤ ውሃ ላይ ጎንበስ ቢሉበትም ምንም አይመስለው። ስለዚህ የባሕር እንስሳት አሠልጣኞች በፉጨትና በዓሣ ብቻ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ከእነሱ አንዷ የነበረችው ካረን ፕራየር በ1984 ይህንኑ ለውሻም፣ ለሰውም እንደሚሠራ አድርጋ ጻፈችው። ፉጨቱን በውሻ ዘንድ ክሊከር የሚባል፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ትንሽ ዕቃ ተካው። ሥራው «አሁን ያደረግከው ልክ ነው፣ ምግቡ እየመጣ ነው» ማለት ብቻ ነው።

አጥኚው ክሊከር አላስመጣም። አማርኛ «ጎሽ» የሚል ቃል አላት። አጭር ነው፣ አንድ ትንፋሽ ነው፣ በ«ሽ» ስለሚቆረጥ ከሌላ ወሬ ጋር አይደባለቅም፤ ቀረጥም አይከፈልበትም። ቃሉ የአንድ ትልቅ የዱር እንስሳ ስም መሆኑ ውሻውን ግራ ያጋባው እንደሆነ ለማወቅ የተደረገ ሙከራ የለም።

የጥናቱ ቦታ የቤተሰቤ ግቢ ነው። ተጠኚው ቡቺ ይባላል። ስሙ የግሉ አይደለም፤ በግቢያችን ሦስተኛው ቡቺ ሲሆን ስሙን ከሰንሰለቱ ጋር ነው የወረሰው። ዝርያው በክትባት ካርዱ ላይ «የሀበሻ» ተብሎ ተሞልቷል። የትምህርቱ ዓላማ ሲታዘዝ ቁጭ እንዲል ነው። የማስተማሪያ ቁሳቁስ፦ ከሥጋ ቤት የተገዛ ሳምባ፣ ተቀቅሎ በሽንብራ ፍሬ ልክ የተከተፈ። ልኩ ዋና ነገር ነው። ትልቅ ቁራጭ ከሰጡት ለማኘክ ሲል የተማረውን ይረሳል፤ ከአሥረኛው በኋላ ደግሞ ይጠግብና ጥላ ሥር ሄዶ ይተኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁራጩን በሁለት ጣት ይዞ አፍንጫው ላይ ማስጠጋት፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ በጆሮዎቹ መካከል ማሳለፍ። ውሻው በዓይኑ ሲከተል አንገቱ ይቀናል፤ አንገቱ ሲቀና ወገቡ ይከብደዋል፤ ወገቡ ሲከብደው መቀመጫው መሬት ይነካል። በነካበት ቅጽበት፦ ጎሽ! ሳምባው በሰከንድ ውስጥ መከተል አለበት። በአምስተኛው ሰከንድ ከሰጡት የሸለሙት ቁጭ ማለቱን ሳይሆን ተነስቶ እጅዎን መላሱን ነው፤ ውሻም ይህንኑ ይማራል። ቡቺ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ከላዩ የሚመጣ እጅ የሚያመጣውን ያውቃልና። በሦስተኛው ሙከራ ቁጭ አለ። ምን እንዳደረገ ራሱም የገባው አይመስልም፤ ሳምባውን ውጦ ወደ ቀኝ ወደ ግራ አየ፣ ሌላ ሰው የሠራው ሥራ ለእሱ እንደተከፈለ ሁሉ።

ችግሩ የጀመረው ከማስተማሪያ ቋንቋው ነው። በከተማችን ውሻ በእንግሊዝኛ እንደሚታዘዝ ይታወቃል። ትምህርት ቤት ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ታናሽ ወንድሜ ቡቺ ፊት ሲቆም አንደበቱ ይፈታል፦ «ሲት! ካም! ጎ!» ቡቺ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተወለደ ነው፤ በቤታችን ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚማረው ግን እሱ ብቻ ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። ዘበኛችን «ቁጭ በል አንተ!» ይሉታል። የቤት ሠራተኛችን ውሻን ሁሉ በሴት አንቀጽ የምትጠራ በመሆኗ «ቁጭ በይ!» ትለዋለች። አያቴ የምታውቀው ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ውጣ!»። ለአንድ ውሻ አራት ሥርዓተ ትምህርት። ከረዥም የቤተሰብ ስብሰባ በኋላ ተባዕትና አንስት፣ ነጠላና ብዙ የማይለየው «ቁጭ!» ብቻ እንዲሠራበት ተወሰነ። ወንድሜ ውሳኔውን በተቃውሞ ፈርሟል።

ሁለተኛው ችግር ሥነ መለኮታዊ ነበር። አያቴ በረንዳ ላይ ሆና ሳምባ በእጄ ወደ ቡቺ አፍ ሲገባ ባየች ጊዜ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ጉርሻ? ለውሻ? ስምንተኛው ሺህ ይኸው መጣ።» አጥኚው ድርጊቱ ጉርሻ ሳይሆን አዎንታዊ ማጠናከሪያ እንደሚባል አስረዳ። «እጅህን በሳሙና ታጠብ» የሚል መልስ አገኘ። ሆኖም ትዝብቷ ትክክል ነው። ጉርሻ አክብሮት ነው፤ አስተናጋጅ ኪስ የሚገባውም ጉርሻ ነው። ቋንቋችን ሳይንሱን ከነስሙ ይዞት ሳለ «ሪዋርድ» እያልን የምንደክምበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

አንድ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ሌላ ትችት አቅርቧል። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ፣ ተኩላም የሚገዛው በአለቃ ስለሆነ፣ «ማን አለቃ እንደሆነ አሳየው» ነው የሚለው። ይህ አስተምህሮ መነሻው ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 ስለ ተኩላዎች የጻፈው ነው፤ የታዩት ግን በአጥር ውስጥ አንድ ላይ የታጎሩ ተኩላዎች ነበሩ። ሐሳቡን በ1970 መጽሐፉ ያስፋፋው የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች ኋላ ካናዳ ሰሜን ጫፍ ሄዶ የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታተለ፤ በ1999 ባሳተመው ጽሑፍም መንጋ የተባለው ቤተሰብ፣ አለቃ የተባሉት ደግሞ አባትና እናት እንደሆኑ አስታወቀ። ይህን ለጎረቤቴ ነገርኩት። «እኮ፣ አባት አይገርፍም?» አለኝ። አጥኚው በዚህ ነጥብ ላይ ውይይቱን ዘግቷል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። አብዛኛው ሥጋ ቤት ተዘጋ፤ የሳምባው ምንጭ ደረቀ። በተቀቀለ ድንችና በካሮት ተተካ። ውጤቱ ተመዝግቧል፦ ለሳምባ ሙሉ ቁጭ፤ ለድንች ከመሬት አራት ጣት ከፍ ያለ ቁጭ፤ ለካሮት ዞር ብሎ ማየት። ሥራውን እንደ ክፍያው መመጠኑን ከየት እንደተማረው አልታወቀም፤ መሥሪያ ቤት ሄዶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ጾሙ ትምህርቱን አልገደለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጥና በርግብ እንዳሳየው፣ ሽልማቱ አንዴ እየመጣ አንዴ እየቀረ የተተከለ ልማድ ሁልጊዜ ከተሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ይዘገያል። የእኛ ግቢ ይህን ያሟላል። ረቡዕና ዓርብ የለም። ሐሙስ አለ። ክርስትና ቤት ከተሄደ አጥንት ተቋጥሮ ይመጣል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሁዳዴ መካከል አንድ ቀን በሳህን ሥጋ ይልካሉ። የሐዋርያት ጾም በየዓመቱ ርዝመቱ ይለያያል። ባሕረ ሐሳብ ላልተማረ ፍጡር ይህ ሰሌዳ በፍጹም ሊገመት አይችልም፤ ስለዚህ ቡቺ ለማንኛውም ብሎ በየቀኑ ቁጭ ማለቱን ቀጠለ።

ፋሲካ ሲደርስ ሌላ አደጋ መጣ፦ ልግስና። ሁሉም ሰው ዶሮ ወጥ በእጁ ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ በመሠረቱ ዶሮ የተጨመረበት ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስለታም ሆኖ አንጀት ይወጋል። ይህን በማስታወቂያ መልክ ጽፌ ወጥ ቤት በር ላይ ለጠፍኩ። ማግስቱን ወረቀቱ የዳቦ መሸፈኛ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ሁሉ መካከል አጥኚው በአንድ ደብተር ላይ በግቢው ውስጥ «ጎሽ» የተባለበትን ጊዜ መመዝገብ ጀምሮ ነበር፤ አንድ ዓምድ ለውሻው፣ አንድ ዓምድ ለቤተሰቡ። የውሻው ዓምድ በሳምንቱ ሞልቶ ወደ ገጹ ጀርባ ዞረ። የቤተሰቡ ዓምድ ላይ አንድ ምልክት ብቻ አለ፤ እሱም ወንድሜ የሒሳብ ፈተናውን ይዞ ሲገባ የተባለ ነው። ሲጣራ ግን ቡቺ ከኋላው ቁጭ ብሎ ነበር። ምልክቱ ተሰርዟል። አያቴ ደግሞ ማንም አያየኝም ባለች ጊዜ፣ ጓሮ፣ የድንች ልጣጭ እየወረወረች «ጎሽ የኔ ጌታ» ስትል ተሰምታለች። ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። እናቴ ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ፣ «ለውሻው?» ብላ ጠየቀች። «ለውሻው።» ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዘበኛችን ጥናቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከበሩ ዳር ሲከታተሉ የቆዩ ናቸው። አንድ ምሽት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህ ውሻ ቁጭ ባለ ቁጥር ነው ሥጋ የሚሰጠው?»

«አዎ አባባ። ቁጭ እንዳለ፣ ወዲያው።»

ዱላቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ እዚህ በር ላይ ቁጭ ካልኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

አጥኚው ጉዳዩ ከጥናቱ ወሰን ውጪ መሆኑን በትሕትና ገልጾ ወደ ቤት ገብቷል። ደብተሩ ላይ ግን አስፍሮታል።

የመጨረሻው ፈተና የተካሄደው ከፋሲካ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ተሰብስቦ ነው። «ቁጭ!» አልኩት፤ ቁጭ አለ። «ጎሽ!» ብዬ ሳምባውን ስዘረጋ ከጣቴ አመለጠና እግሬ ሥር ወደቀ። ሳላስበው ላነሳው ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ቡቺ የለም። አጥሩ ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን፣ ጭራውን ሸጉጦ ቆሟል። ሳምባውን በእጄ መዳፍ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ሳምባውን አየ፣ ወገቤን አየ፣ እንደገና ሳምባውን አየ።

«ቁጭ» አልኩት ቀስ ብዬ።

ቁጭ አለ፤ እዚያው አጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ በማይደርስበት ርቀት ላይ።