ሦስት ዩኒፎርም በአንድ አጥር

ወረታ ላይ ጠዋት ጠዋት መተኛት ቀርቷል። ድሮ የሚቀሰቅሰን ዶሮና የቅዳሴ ደወል ነበር፤ አሁን የባጃጅ ጡሩንባ ነው። አንዱ ሕፃናት አጭቆ ወደ ባሕር ዳር መውጫ ይከንፋል፤ ሌላው ሕፃናት አጭቆ ወደ ጎንደር መውጫ ይከንፋል፤ የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ ሲጋጠሙ ሾፌሮቹ ለሕፃን ጆሮ የማይሆን ነገር ይለዋወጣሉ። ሁሉም የሚሄዱት ፊደል ሊቆጥሩ ነው። ፊደሉ እንደሆነ ያው ሀ ሁ ነው። «ታዲያ እዚሁ አጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት ምን በደለ?» ብዬ ምራቴን ብጠይቃት፣ «አባባ፣ ዘመኑ የምርጫ ነው» ብላኝ ልጇን አሳፍራ ሄደች።

ተው እንጂ! እኛ ግቢ ሦስት የልጅ ልጆች አሉ፤ ዩኒፎርማቸው ለየቅል ነው። የነጋዴው ልጄ ልጅ የግል፣ የቢሮ ሠራተኛዋ ልጅ ሌላ የግል፣ የገበሬው ልጅ የመንግሥት። ማታ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ሲነጋ በሦስት አቅጣጫ ይበተናሉ። ባለፈው ትልቁ ትንሹን «የእናንተ ክፍል ወንበር የለውም አሉ» ሲለው ሰማሁ። ጠራሁትና «እኔ አያትህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ዳዊት የደገምኩት» አልኩት። «ለዚያ ነው እንዴ ወገብዎን የሚያምዎ?» አለኝ። ይህን አንደበት እንግዲህ በየወሩ እየከፈልን ነው ያስተማርነው።

ደግሞ ምርጫን ለእኛ ሊያስተምሩን! ቅኔ ቤት ገብቼ ባልዘልቅም ወጉን አውቀዋለሁ። ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ይዘልቃል። መምህሩን መርጦ፣ አንዱን ተሰናብቶ ሌላውን ፍለጋ ወንዝ የሚሻገረው የቆሎ ተማሪ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ምርጫ አለ? ከደረሰ በኋላ ግን የባለጸጋውም ልጅ የድሃውም ልጅ ያው ደበሎ ለብሶ፣ ያው አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ ይለምናል። ውሻውም ሁለቱን እኩል ነው የሚያባርራቸው። የዛሬው ምርጫ ገና በር ላይ ኪስ ይፈትሻል።

ሁሉን በወላጅ ላይ አልደፋም፤ ሩዝም ጥፋት አለበት። ይህ የፎገራ ሜዳ እኮ ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያጥለቀልቁት፣ የፎገራ ላም የምትግጥበት ረግረግ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሲያስሞክሩ፣ ጤፍ የለመደ ሰው ይስቅባቸው ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ውሃ የተኛበት መሬት ገንዘብ ሆነ፤ የሩዝ መፈልፈያው ከተማው ውስጥ ይንጫጫል፤ ላሟ ግጦሽ አጣች፤ ባለሩዙ ልጁን ከፍሎ ማስተማር አማረው። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወርሶ «የሕዝብ» ብሏቸው ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ለግል ባለሀብት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ገንዘቡና በሩ ተገናኙ፤ ባጃጁ መሃላቸው ገባ።

ሩዝ ያልበረከተለት የናበጋና የዋገጠራ ገበሬስ? የእሱ ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ወረታ ይመጣና ከባልንጀሮቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ አገሩ ሄዶ፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻግቶ ቢያድር እንኳ ጎረቤት ወጥ መጠየቅ ያፍራል። የእኛ ባለ ግል ትምህርት ቤት ያን ልጅ በአንድ አጥር እየተዋሰነ በስሙ አያውቀውም። ማታ ኳስ አብረው እንዳይጫወቱ የኛው «ቲቶሪያል» አለበት። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ያጠና ብዬ ነው እኔ የምሞተው!

ወላጅ የሚሸሸው ወዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ጉዱ ወጥቷል፤ ያን ዓመት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ሆኑ። ይህን የሰማ አባት በሬውን ሸጦም ይከፍላል። በዚያ ላይ ጦርነቱ በክልላችን ስንቱን ትምህርት ቤት ዘጋ፤ አቅም ያለው ልጁን ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ላከ፣ የሌለው ከብት ጥበቃ መለሰ። በዚህስ አልቀልድም።

እኔን የሚያበግነኝ ወመህ ነው፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱ። ድሮ ስብሰባ ሲጠራ ነጋዴውም፣ ድሬሰሩም፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም ይመጣል። ዴስክ ተሰበረ ሲባል አናጢ የሚልክ፣ መምህር ቀረ ሲባል ወረዳ ሄዶ ጠረጴዛ የሚደበድብ አይጠፋም ነበር። አሁን እነዚያ ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፤ ጉሮሯቸውንም ይዘው ወጡ። የቀረው ከማሳ በቀጥታ የመጣ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ «አስተያየት?» ሲባል መሬት መሬት ያያል። አስተማሪው ሳይቀር የራሱን ልጅ የግል ያስገባል! ወጥ ሠሪዋ የማትቀምሰውን ወጥ ማን ይብላ?

የእህቴ ልጅ መምህር ነው፤ የባዕድ አገር ወሬ ያነብልኛል። ቺሊ የምትባል አገር በእኛ 1973 ዓ.ም. ግድም የመንግሥት ገንዘብ ልጁ በመረጠው ትምህርት ቤት እንዲከተለው አደረገች አለኝ፤ ስዊድንም በ1984። ቺሊዎች ግን የሀብታምና የድሃ ልጅ እየተለያየ ቢያስቸግራቸው፣ በ2007 በመንግሥት በሚደጎሙ ትምህርት ቤቶች የወላጅ ክፍያና ተማሪ መርጦ መቀበል እየቀረ እንዲሄድ ሕግ አወጡ። «እንግዲህ እነሱ ገንዘቡን ከመንግሥት ካዝና እያወጡ ይህ ከደረሰባቸው፣ ከእኔ በረት ሲወጣ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ ቡናውን ጠጣ።

ለመጪው ቅዳሜ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ወላጅ ጠርቷል። ገበሬው ልጄ ሩዝ አጨዳ ላይ ስለሆነ እኔ እሄዳለሁ ብል፣ ሴቷ ልጄ «አያት ወላጅ አይደለም፤ አያስገቡዎትም» አለችኝ። ወላጅማ እኔ ነኝ፤ እነሱን ማን ወለዳቸውና! እሷንም ነጋዴውንም አስከትዬ ነው የምገባው። አጀንዳው የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ነው አሉ። ነጋዴው ልጄ ደግሞ ቆርቆሮ ይሸጣል።