ፈራሚው ሌላ፣ ዕዳ ከፋዩ ሌላ

የኢንተርኔት የቤዝቦል ማኔጅመንት ጨዋታ የምንጫወት ሰዎች እንቅልፍ የምናጣው በውድድሩ ወራት አይደለም። ውድድሩ ከተጀመረ ቡድናችን ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ጉዳዩ በኮምፒውተሩ እጅ ነው፤ የእኛ ድርሻ ውጤት ማንበብና አሰላለፍ መቀያየር ነው። የሚያንገበግበን ዓመቱ ተዘግቶ፣ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ገበያ ሲወጡ ነው። ፍሪ ኤጀንት የምንላቸውን ማለቴ ነው። ያ ሰሞን ሲመጣ ሰላም የለም።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሊጉ እንደ እውነተኛው የአሜሪካ ሊግ 30 ቡድን አለው፤ እያንዳንዱን የሚመራው ሰው ነው። ከመካከላችን አንዱ ኮሚሽነር ሆኖ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ የጨዋታውን ቀን ወደፊት ያስኬዳል። እሱ ቀኑን ከማስኬዱ በፊት ሁላችንም ለምንፈልገው ተጫዋች የደሞዙን መጠንና የውሉን ዘመን ሞልተን እንልካለን። የሌላውን ዋጋ ማንም አያይም። ተጫዋቹም ኮምፒውተሩ የሰጠው ጠባይ አለው፤ አንዱ ገንዘብ ይወዳል፣ አንዱ አሸናፊ ቡድን ይፈልጋል፣ ሌላው ካሳደገው ከተማ መለየት አይሆንለትም። ያንን ሁሉ መዝኖ ይመርጣል።

ሲነገር ያምራል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። ለአንድ ጥሩ ፒቸር በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር አቅርበህ ትጠብቃለህ። እያሰበበት ነው ይሉሃል። ገንዘቡ ታስሯል፤ ለሌላ ልታውለው አትችልም። አንተ ደጅ ስትጠና ሁለተኛው ምርጫህ ሂውስተን ይፈርማል፣ ሦስተኛው ሲያትል ይገባል። በመጨረሻ ሰውዬው ሌላ ቡድን መረጥኩ ይላል። ዘወር ብለህ ገበያውን ስታይ የቀረው ትከሻውን የታመመና 38 ዓመት የሞላው ነው። ይህ በሁላችንም ላይ ደርሷል፤ ያልደረሰበት ካለ ገና አዲስ ገቢ ነው።

ለመጠበቁ ጨዋታውን አልወቅስም። እውነተኛውም ቤዝቦል እንዲሁ ነው። ብራይስ ሃርፐር ዋሽንግተን ናሽናልስን ለቆ ከፊላዴልፊያ ጋር የ13 ዓመት፣ የ330 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው እ.ኤ.አ. በ2019 የዝግጅት ካምፖች ከተከፈቱ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ክሬግ ኪምብረልና ዳላስ ካይክል ውድድሩ ተጀምሮ እስከ ጁን ወር ድረስ ቡድን አልነበራቸውም። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር፣ ቤዝቦልን በናሽናልስ የለመድን ሰዎች፣ የሃርፐርን ወሬ ስንጠብቅ የከረምንበትን የብርድ ወቅት አንረሳውም። በእውነቱ ዓለም ግን ወኪሉ ቢያንስ ስልክ ያነሳል። የእኛው ተጫዋች ምን እንዳነሰው የሚነግርህ የለም፤ ገንዘቡ ይሁን፣ ዘመኑ ይሁን፣ ከተማው ይሁን ሳታውቅ ትቀራለህ።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። ቀኑ የሚሄደው በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ በብርዱ ወራት አዲስ አበባ ላሉት ወንድሞቻችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ማርች ላይ አሜሪካ ሰዓቷን ስታዛውር ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። ገበያው በጦፈበት ቀን ዋጋ ማሻሻል የፈለገ ሰው በዚያ ውድቅት ተነስቶ፣ መብራትና ኔትዎርክ ካለ፣ ይልካል። ከሌለ ያልፈዋል።

እነዚህን ሁሉ ግን እንችላቸዋለን። የማልችለው፣ ያንገፈገፈኝም፣ ውሉን የሚፈርመው ሰውና ዕዳውን የሚከፍለው ሰው አንድ አለመሆናቸው ነው።

ነገሩ በየዓመቱ በተመሳሳይ መንገድ ይመጣል። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሊጉ ውስጥ ይገባል። ትኩስ ነው፤ ወዲያው ማሸነፍ ይፈልጋል። ገበያው ሲከፈት 31 ዓመት ለሞላው፣ ጉልበቱ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊቆይ ለሚችል የፈርስት ቤዝ ተጫዋች የሰባት ዓመት ውል ያቀርባል። ደሞዙን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይከምረዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት 6 ሚሊዮን፣ ቀጣዩ 10፣ እያለ እያለ የመጨረሻው 34 ሚሊዮን። ተጫዋቹ የሚያየው ድምሩን ስለሆነ ይፈርማል። ይህን ተጫዋች ሌሎቻችን በልክ አስልተን፣ የአራት ዓመቱን በጀት ደምረን ቀንሰን፣ በሐቀኛ ዋጋ ጠይቀነው ነበር። ተሸነፍን። የተሸነፍነውም የተሻለ ባሰበ ሰው አይደለም፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ዓመት የሚባል ነገር እሱን እንደማያገኘው በሚያውቅ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ደሞዙ ማበጥ፣ ተጫዋቹም መድከም ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ሥራ በዛብኝ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ብሎ ይወጣል። እውነትም ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ ሰው መቼም ኑሮ አለው። ቡድኑ ግን ባዶውን ይቀራል። ሊረከበው የሚመጣው ምስኪን መዝገቡን ሲገልጥ ግማሹ በጀት ቀድሞ ተበልቷል። ባለ ከባድ ውሉን ለሌላ ቡድን ልስጥ ቢል የሚወስድለት የለም። አንድ ዓመት ይታገልና እሱም ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ስንት ደህና ሰው በዚህ የተነሳ ሊጋችንን ጥሎ ወጥቷል!

ይህ የመጀመሪያውን የዕቁብ ዕጣ ወስዶ እንደሚጠፋ ዕቁብተኛ ያለ ሥራ ነው። ዕቁብ ውስጥ ግን ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። እኛ ዋስ የለንም።

ኮሚሽነሩስ ምን ያድርግ? ለአዲሱ ሰው አዝኖ ውሉን ቢሰርዘው፣ ያ ተጫዋች የተወሰደብን ሰዎች ፍትሕ የት አለ እንላለን፤ ልክም ነን። አጉል ውል የፈረመው ቡድን ሦስቱን ምርጥ ዓመታት በርካሽ በልቶ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ይቅር ተባለ ማለት ነው። ባይሰርዘው ደግሞ በሕይወቱ ያንን ውል አይቶት የማያውቅ ሰው ይቀጣል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ሕግ ጠብቆ የኖረው ነው።

እውነተኛው ቤዝቦል የከፋ ውል ሞልቶታል። ጎረቤታችን ባልቲሞር ኦሪዮልስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለክሪስ ዴቪስ የ7 ዓመት፣ የ161 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። ሰውዬው ከ2018 ማብቂያ ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ በተከታታይ 54 የምት ዕድል ሂት ሳያገኝ ቀረ። በ2021 ጫማውን ሰቀለ፤ ከውሉ ለወደፊት የተላለፈውን ገንዘብ ግን ቡድኑ እስከ 2037 ድረስ ይከፍላል። ናሽናልስም ስቲቨን ስትራስበርግን በ2019 የዓለም ሻምፒዮናው ኮከብ በሆነ ማግስት በ245 ሚሊዮን ዶላር ለ7 ዓመት አስፈረመው፤ ከዚያ በኋላ በሕመም ምክንያት ጨዋታ መጀመር የቻለው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ያሳዝናል። ግን የፈረመው ክፍያውን ተሸክሟል። ማንም የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ ብሎ አልጠፋም። ከባድ ውል ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ያው ናሽናልስ በ2015 ለማክስ ሸርዘር የሰጠው 210 ሚሊዮን ዶላር ግማሹ በኋላ የሚከፈል ሆኖ ሳለ፣ ሸርዘር ግን የሻምፒዮንነት ዋንጫ አምጥቶበታል። ስለዚህ ጠቤ ከትልቅ ውል ጋር አይደለም።

ይህን የምለው አንዳንዶቻችሁ መፍትሔ ብላችሁ ያመጣችሁት ሐሳብ ስላስደነገጠኝ ነው። ከተወሰነ ዋጋ በላይ ላለማቅረብ እንስማማ ትላላችሁ። ወገኖቼ፣ ይህን የእውነት የቡድን ባለቤቶች ከ1985 ጀምሮ ሦስት የገበያ ወቅት ሞክረውታል። ተመካክረው ገበያውን ስላደረቁት አንድሬ ዶውሰን የሚያህል ተጫዋች በ1987 ለቺካጎ ከብስ ደሞዙ ያልተጻፈበት ውል ይዞ ሄዶ፣ ቁጥሩን እናንተ ሙሉት ለማለት ተገደደ። ባለቤቶቹ በኋላ 280 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፍለዋል። ፍሪ ኤጀንት የሚባለው መብት ራሱ በስጦታ የመጣ አይደለም። ተጫዋቹ ከርት ፍለድ በ1969 ወደማይፈልገው ቡድን አልሄድም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግቶ በ1972 ተረታ፤ የጨዋታ ዘመኑንም በዚያው አጣ። መንገዱ የተከፈተው በ1975 መጨረሻ የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ ለተጫዋቾቹ ለአንዲ ሜሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ሲፈርድ ነው። የእኛ ተጫዋቾች ሥጋና ደም የላቸውም፤ ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ትግል የተቀዳውን ሕግ በስውር ስምምነት ማፍረስ ይከብደኛል።

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አዲስ የገባ ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያውን ዓመት እስኪጨርስ ከሦስት ዓመት በላይ ውል አያቅርብ። የማንም ውል የመጨረሻ ዓመት ደሞዝ ከመጀመሪያው ዓመት እጥፍ አይብለጥ። መውጣት የፈለገ ሰው ገበያው ከመከፈቱ በፊት ያሳውቅ፤ ከተከፈተ በኋላ ፈርሞ አይሂድ። ይህን በየዓመቱ እንናገራለን፤ በየዓመቱ ነፃ ገበያ ነው፣ ተዉት ይባላል፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሌላ ባዶ ቡድን ለመቀበል ሰው ፍለጋ እንወጣለን። ዘንድሮም ባለቤት የሌላቸው ቡድኖች አሉ፤ ውላቸውን ያየ ሁሉ እየሸሸ ነው። ገበያው ሳይከፈት ድምፅ ይሰጥበት።