የእልኸኛ ይግባኝ

ሲፈጥረኝ እልህ ሳይበዛብኝ አልቀረም። ፍርድ ቤት እንዳላነጋግረው ያዘዘኝን ሰው፣ ዳኛ ሳይከለክለኝ በፊት ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። ከታገድኩ ወዲህ ግን ሰላም ካላልኩት እያለ ምላሴን ይበላኛል።

ጠቡ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የዕቁብ ጠብ ነው። ዕጣዬን አዘገየብኝ ብዬ ሰብሳቢውን እኩለ ሌሊት እየደወልኩ ነዘነዝኩት፤ ስልኩን ካላነሳ በድምፅ መልእክት እስከ ሰባት ዘሩ ስድብ አወርድበት ነበር። እሱም ዲስትሪክት ኮርት ሄዶ «ፒስ ኦርደር» የሚሉትን እንዳላገኘው የሚከለክል ትእዛዝ አወጣብኝ። ትእዛዙ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ የጣሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 90 ቀን እስራት፣ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል።

እኔ መቼም ያገሬ ልጅ ነኝና ወዲያው ሽማግሌ ልልክ ተነሳሁ። ጋሼም ነጠላቸውን አጣፍተው ሊሄዱልኝ ነበር። ጠበቃዬ ሲሰማ ደነገጠ፦ «በሰው ማስላክም ያው መገናኘት ነው! ሊያሳስሩህ ነው እንዴ ሽማግሌዎቹ?» ጋሼ ነጠላቸውን መልሰው ሰቀሉ።

በዚህ ጊዜ ነው ይግባኝ ያልኩት። 30 ቀን ሳይሞላ ሰርኪት ኮርት ማመልከት ይቻላል ሲሉኝ በደስታ ፈረምኩ። ይግባኝ ማለት የላይኛው ዳኛ መዝገቡን አገላብጦ የታችኛውን የሚገስጽበት መስሎኝ ነበር። ለካስ ጉዳዩ ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ ነው የሚሰማው፤ ምስክሩም ማስረጃውም እንደገና ይቀርባል። እስኪወሰን ድረስ ደግሞ የመጀመሪያው ትእዛዝ እንደጸና ነው።

ማስረጃው ምን መሰላችሁ? የገዛ ድምፄ። ባለፈው ችሎት ሲያሰሙት እኔ እፎክራለሁ፣ ከጀርባዬ ባለቤቴ «ኧረ በማርያም፣ ዝጋው!» ትላለች። አስተርጓሚዋ ፊቷን ሳትለውጥ ሁሉንም አነበነበችው። ዳኛዋ ፈገግ ያለችው ባለቤቴ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። እኔ እንግዲህ ይህን ቅጂ ሌላ ዳኛም ይስማልኝ ብዬ ነው ለጠበቃ የከፈልኩት።

ባለቤቴ «ብታሸንፍ ምን ልትለው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አሰብኩ፤ ከ«አየህ፣ አሸነፍኩህ!» ሌላ የምለው አጣሁ።

ስለዚህ ይግባኙን ልተወው ወስኛለሁ። ትልቅ ሰው መሆኔንም ቢያውቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደውዬ እንዳልነግረው ታግጃለሁ።