ሹሩባና ሹርባ

ጅዳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማዳም ከምግብ ክፍሉ ሆና «ሹርባ! ፌን ሹርባ?» ብላ ተጣራች። አረብኛዬ ያን ጊዜ ከ«አይዋ» እና ከ«ያላ» አላለፈም። ይህችን ቃል ግን እናቴ ጉልበት ሥር ቁጭ ብዬ፣ በሚዶ እየተወጋሁ የተማርኳት ናት። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከደሴ ልነሣ ስል ሸዋ በር ግማሽ ቀን ፈጅቶ የተሠራልኝ ሹሩባ፣ ማንም ሳያየው ሻሽ ሥር ሊያረጅብኝ ነው እያልኩ ሳዝን ነበር። ቤት ውስጥ ሴቶችና ልጆች ብቻ ስለነበሩ ሻሼን ገፋ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ማዳም አየችኝ። ማንኪያዋን ከፍ አድርጋ «ሹርባ!» አለች ደግማ። የኋላውንም ማየት ፈልጋ ይሆናል ብዬ ዞርኩላት።

እኛ ሾርባ የምንለውን የሂጃዝ ሰው ሹርባ ይለዋል። በ«ሾ» እና በ«ሹ» መካከል ያለችው ይህች ትንሽ መንገድ ናት ያን ዕለት የጣለችኝ። ማዳም ነገሩ ሲገባት እስክታነባ ሳቀች። ታሪኩ ለአክስቶች፣ ለጎረቤቶች፣ ለዒድ እንግዶች ሁሉ ተነግሯል። ሲነገር እኔም ሻይ እያቀረብኩ፣ መዞሪያዬ ሲደርስ ዞር እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሹርባውን ተምሬዋለሁ፤ በተለይ በረመዳን «ሹርበት ሀብ» የሚሉትን፣ ከተከካ እህል፣ ከሥጋና ከቲማቲም የሚሠራውን፣ ማዳም በእህቶቿ ፊት እስክትኮራበት ድረስ አሳምረዋለሁ። ሹሩባውን ከሹርባው መለየቱ ግን እስከ ዛሬ ያልጨረስኩት ሥራ ነው።

ለምን ፀጉርሽን በአጭሩ ተቆርጠሽ አትገላገይም የሚሉኝ አሉ። ጥፋቱ የእናቴ ነው። በ1965 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታ ከአባቴ ጋር የተነሣችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። አባቴ አፍሮ ነው፤ አፍሮው የፎቶውን የላይ ጠርዝ አልፎ ስለሄደ ቁመቱ ስንት እንደነበር ቤተ ዘመድ እስካሁን ይከራከርበታል። እናቴ ደግሞ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ አድራ፣ ጠዋት ፈትታ፣ ወደ ላይ አበጥራ ከግንባሯ በላይ አንድ ፎቅ አቁማለች። ጫፉ ጆሮዋ ሥር ወደ ውጭ ቀና ብሏል። ፎቁ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ሳይነቃነቅ ይከርም ነበር ትላለች። ሌላው ሰው የወላጆቹን ፎቶ ሲያይ የሚናፍቀው ወላጆቹን ነው። እኔ ግን አላህ ይቅር ይበለኝና ፀጉሩን እናፍቃለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደመወዜ እጄ እንደገባ፣ አንድ ዓርብ ባብ መካ ገበያ ወርጄ አንድ ደርዘን ቢጎዲን ገዛሁ። በቢጎዲን መተኛት ድንች በሞላ ከረጢት ላይ መተኛት ነው፤ ልዩነቱ ድንቹ ከራስ ጋር አብሮ መገላበጡ ነው። ሌሊቱን ቻልኩት። ጠዋት ፈትቼ ሳበጥረው ፎቁ እንደ እናቴ ቆመ። መስታወት ፊት ቆሜ «ማሻአላህ» አልኩ ለራሴ፤ ሌላ የሚለኝ ስላልነበረ። ከዚያ ሻሽ አስሬበት ወደ ሥራ ቤት ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፦ ፎቅ ላይ ሻሽ ሲታሰር ሰው ድስት ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል።

የዚያን ቀን ምሳ ካብሳ ነበር። የእንፋሎት ድስቱን ክዳን ስከፍት የወጣው እንፋሎት ፊቴን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ፎቁ ገባ። በውሃና በሙቀት የተያዘ የፀጉር ቅርጽ እርጥበት ካየ ቃሉን ያጥፋል። ይህ በደሴም በጅዳም ያው ነው። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በደረቅ ብርዷ ተኮራምታ ትኖራለች። ጅዳ ቀይ ባሕር ዳር ተቀምጣ አየሩን ሳይቀር አርጥባ የምታቀርብ ከተማ ናት፤ ነሐሴ ላይ ልብስ አጥቦ ከማድረቅ ሳይታጠብ መልበስ ይቀላል። እኩለ ቀን ላይ የእናቴ ፎቅ በግራ በኩል ተናደ። በቀኝ በኩል ደግሞ ጫፉ እንደተማረው ወደ ውጭ ቀና ብሎ ቀረ። ላነሣው ብል ሁለቱም እጄ የሳምቡሳ ሊጥ ነው። በክንዴ ገፋሁት፤ አሁን ዱቄትም ተጨመረበት። ማዳም ገብታ አየችኝና ምንም ሳትል መስኮቱን ከፈተችልኝ። መስኮቱ ሲከፈት የገባው ደግሞ ያው የባሕሩ አየር ነው።

ቢጎዲኑ እንዲህ ከሸፈ። በእናት ያልሆነ በአያት ይሞከራል ብዬ ቅቤ ፈለግሁ።

አያቴ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ሳትቀባ ከቤት አትወጣም ነበር። ከአገር ቤት የተላከ ቅቤ ካላቸው ሴቶች አንዲት ቡና ስኒ የምታህል ገዛሁና ሌሊቱን አናቴ ላይ አኖርኩት። አያቴ ያልነገረችኝ፣ ለመናገርም ምክንያት ያልነበራት አንድ ጉዳይ አለ፦ ቅቤ 32 እና 35 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። ደሴ ላይ ቅቤው አናት ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ነው የሚገባው። በጅዳ ግን ገና ልብስ ሳሰጣ አንገቴ ደረሰ፤ ከቀትር በፊት ደግሞ ቅንድቤን አልፎ ዓይኔ ዳር ቆሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ይባስ ብሎ ሸተተ። ክፉ ሽታ ግን አልነበረም። የሂጃዝ ሰው «ሰምን» የሚለው የነጠረ ቅቤ ከዚህ ሽታ አይርቅምና ማዳም አፍንጫዋን ተከትላ ወደ ሥራ ቤት ገባች። ድስቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች አሸተተች። ዛሬ ምን ዓይነት ጥሩ ነገር ነው የምትሠሪው ብላ ጠየቀችኝ። ድስቶቹ ውስጥ ያለው ምስር ነበር። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች፣ ቀረብ አለች፣ አናቴን አሸተተች። ከዚያ ቀን በኋላ ቅቤው ሹርባ ውስጥ ገባና ሁላችንም ተስማማን።

እንግዲህ የቀረኝ ያው የመጀመሪያው ሹሩባ ነው። የኮምቦልቻዋ ጓደኛዬ፣ ጣቶቿ ፀጉር ሲይዙ እንደ ሸማኔ የሚሮጡት፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ትሠራኛለች። እውነቱን ለመናገር ለእጅ ሥራ ከሹሩባ የተሻለ አልተፈጠረም። እንፋሎት አይንደውም፣ ዱቄት ቢነካው ይራገፋል፣ ለውዱእ በእርጥብ እጅ ማበስ ነው። አያቶቻችን እንጨት እየለቀሙ፣ እየፈጩ፣ ጭስ ውስጥ እየተጎነበሱ ነው የኖሩት፤ ፎቅ የሚያቆሙበት ጊዜም አናትም አልነበራቸውም። የእናቴ ፀጉር ለፎቶ ቤት ነው። የአያቴ ለወፍጮ።

ግን ሹሩባም አመል አለው፤ በተሠራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያሳክካል። የሚያሳክከው ደግሞ ጊዜ እየመረጠ ነው። ቁጭ ብዬ ስልክ ሳወራ አያሳክከኝም። የጅዳ ሰው የሚወደውን ናጂል የተባለ ዓሣ ሁለት እጄን ሆዱ ውስጥ ከትቼ ስጠርግ ግን፣ መሐል አናቴ ላይ አንዲት ነጥብ ትነሣለች። ያን ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ግራ ቀኝ አየሁና የማማሰያውን እጀታ ለዚህ ጉዳይ ተጠቀምኩበት። ማዳም ስትገባ እጀታው አናቴ ላይ፣ ዓይኔም በእፎይታ ተጨፍኖ ነበር። አዲስ ማማሰያ ተገዛ። ዋጋው ከየት እንደወጣ አልናገርም።

ሁለተኛው አመሉ ሹሩባ ሲያረጅ ጫፉ መላላቱ ነው። የላላ ጫፍ ፀጉር ይጥላል፤ የወደቀ ፀጉር ደግሞ ወለል ላይ አይቀርም። ወለሉ ሰፊ ነው፣ ድስቱ ጠባብ ነው፣ እሱ ግን ድስቱን አይስትም። በአንድ ረመዳን ከሃያ እንግዳ መሐል አንዲት ዘለላ የማዳም ባል እናት ሳህን ደረሰች። አሮጊቷ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መብራት ከፍ አደረጓት። ርዝመቷ ሲታይ የእኔ አይደለችም ማለት አይቻልም ነበር።

ይህን ሳስብ አፄ ቴዎድሮስ ትዝ ይሉኛል። ሹሩባቸውን የማያውቅ የለም። በ1860 ዓ.ም. በእኛው ወሎ መቅደላ አምባ ላይ ሲሞቱ፣ የእንግሊዝ ሰዎች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። የተቆረጠው ፀጉር ለንደን ከሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወጥቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። 151 ዓመት መሆኑ ነው። የንጉሥ ፀጉር ባሕር ተሻግሮ በመስታወት ይቀመጣል፤ ሚኒስትርም ሄዶ ይቀበለዋል። የኔዋ ዘለላ ከምድጃ እስከ ገበታ አሥር እርምጃ ብትጓዝ ቤቱ ጉባኤ ይቀመጥባታል። ያን ምሽት ይህን ለማዳም ላስረዳ አስቤ ነበር፤ «መቅደላ» በአረብኛ ምን እንደሚባል ስፈልግ ጉባኤው ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ድርብ ሻሽ አስራለሁ። ማዳምም ሹርባው ከመቅረቡ በፊት ጭልፋ ይዛ እንደ ጉምሩክ ትፈትሻለች።

ባለፈው ዓመት እኔና የኮምቦልቻዋ ዑምራ ሄድን። ከጅዳ መካ ወደ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጅዳ የሚኖር ሰው ኢሕራሙን ከቤቱ ያስራል። ኢሕራም ውስጥ ከተገባ በኋላ ፀጉር መቁረጥም መንቀልም አይፈቀድምና፣ ጓደኛዬ ማታውኑ አዲስ ሹሩባ ሠራችኝ፤ ሠላሳ ሁለት ጉንጉን። እየሠራችኝ ስለ ኡሙ ሰለማ ታወራኛለች፤ ሹሩባዋን አጥብቃ እንደምትሠራ ተናግራ፣ ለትጥበት መፍታት አለብኝ ወይ ብላ ነቢዩን ስትጠይቅ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ማፍሰስ ይበቃሻል ስለመባሏ። ኡሙ ሰለማ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መሐል ናት። ስለዚህ ሹሩባውን የሠሩላት የእኛ ሴቶች ናቸው ብላ የኮምቦልቻዋ ትምላለች። ምስክር ሲጠየቅባት ጉንጉኑን ጠበቅ ታደርጋለች፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል።

ጠዋፉን አድርገን፣ ከሰፋ መርዋ ሰባቱን ጨርሰን መርዋ ላይ ቆምን። ወንዶቹ ሊላጩ ወደ ፀጉር ቆራጮቹ ይጎርፋሉ። ሴት ከጫፉ የጣት አንጓ ያህል ትቆርጣለች። ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁ። የማዳም የድንብላል መቀስ ነበር፤ ሌላ አጥቼ ነው፤ አጥቤዋለሁም። «ከሠላሳ ሁለቱም ጫፍ ነው የሚቆረጠው» አለች የኮምቦልቻዋ። «አንቺ ሠርተሽ አንቺው ልትቆርጪ?» አልኳት። አጠገባችን የቆሙ አንዲት የሐረርጌ እናት ሰሙን።

«በሻፊዒ ሦስት ፀጉር ይበቃል ልጄ» አሉኝ።

«ሦስት ፀጉር ብቻ፣ እማማ?»

«ሦስት።»

ሳቄ መጣ፤ በዚያ ቦታ ደግሞ መሳቅ ከበደኝ። ሦስት ፀጉር በአንድ ረመዳን ሹርባ ውስጥ ያስገባሁት ነው። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሪያድ ውስጥ ስድስት ዓመት ሹርባ ሠርተዋል። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ክርክር እንዳይቀር ከሠላሳ ሁለቱም ጫፍ ቆረጥን። ድንብላል የለመደ መቀስ ፀጉር ላይ ይለግማል፤ አንዳንዱን ሁለቴ ማኘክ ነበረበት።

ቅዳሜ ስመለስ ማዳም አቅፋ ሳመችኝና ዱዓ አደረገችልኝ። መቀሱን ቦታው ላይ መለስኩ። ለማታ እንግዳ ስለነበረ ልብሴን ለውጬ ወዲያው ሊጥ ማቡካት ያዝኩ። ያን ጊዜ ትንሿ ልጃቸው ገባች። ጅዳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ይዛ አፏን ከፍታ ያየችኝ ናት፤ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«አብጋ ሹርባ» አለችኝ። ሹርባ እፈልጋለሁ ማለቷ ነው።

በክርኔ ወደ ድስቱ አመለከትኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጎድጓዳ ሳህን አጥታ ይሆናል ብዬ በክርኔ ወደ መደርደሪያው አመለከትኩ። «ላ፣ ላ» አለችና የፀጉሯን ማሰሪያ ፈታች፤ ያ ሁሉ ፀጉር ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። በጣቷ ወደ እኔ አናት እያሳየች «ሹ-ሩ-ባ» አለች፣ እያንዳንዷን ፊደል እየለየች። ዝቅተኛዋን በርጩማ ስባ እግሬ ሥር ተቀመጠችና ጀርባዋን ዞረችልኝ።

ሁለቱም እጄ እስከ አንጓው ሊጥ ነበር።